ስለ ሚኒባስ የኋላ በር ሞላና ስለ አለዋወጡ

በአገራችን መናኸሪያዎች ዘወትር የሚታይ፣ ነገር ግን ብዙ ሰው ልብ የማይለው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የሚኒባስን የኋላ በር በእንጨት ደግፎ ማቆም ነው። ረዳቱ በሩን ወደ ላይ ይከፍታል፤ ከወንበር ሥር አንድ ሜትር ያህል የሚሆን የባሕር ዛፍ ዱላ ስቦ ያወጣል፤ አንዱን ጫፍ ከበሩ፣ ሌላውን ጫፍ ከመኪናው ወለል ላይ አድርጎ ካቆመ በኋላ ዕቃ መጫን ይጀምራል። ተሳፋሪውም ገብሱን፣ ድንቹን፣ ሻንጣውን ይዞ ከዚያ በር ሥር አንገቱን ያስገባል። ዱላው ከመኪናው ጋር ከፋብሪካ የመጣ እስኪመስል ድረስ ስለ ተለመደ፣ ለምን እንዳስፈለገ የሚጠይቅ የለም። እኔም ለዘንድሮው መጽሔታችን ለመጻፍ ባሰብሁ ጊዜ የመረጥሁት ይህንኑ ነው፤ ምክንያቱም ያ ዱላ የቆመው በሌላ ነገር ቦታ ነውና።

ያ ሌላ ነገር በጋራዥ ቋንቋ «የኋላ በር ሾክ» ይባላል። ዶልፊንና አባዱላ የሚል ስም በወጣላቸው የቶዮታ ሃይኤስ መኪናዎች ላይ የኋላው በር ማጠፊያው ከላይ ስለ ሆነ የሚከፈተው ወደ ሰማይ ነው። በሩን ከፍተን በግራና በቀኝ ብንመለከት አንዳንድ ጥቁር ቀጭን ቱቦ፣ ከቱቦውም ውስጥ የሚወጣና የሚገባ እንደ መስተዋት የሚያበራ የብረት ዘንግ እናያለን። ሾክ የሚለው ስም እንኳ በትክክል አይስማማውም። ሾክ በመኪና እግር ላይ ያለው ነው፤ ሥራውም ንጥሻን ማብረድ ነው። ይህኛው ግን በሩን የሚገፋ፣ የሚያነሣና ተሸክሞ የሚያቆም ስለ ሆነ በዚህ ጽሑፍ «የጋዝ ሞላ» ብዬ ብጠራው ይሻላል።

ሞላ ስንል ሁላችንም የምናውቀው የተጠመዘዘውን የብረት ሽቦ ነው። የጋዝ ሞላ ግን በውስጡ ምንም የተጠመዘዘ ሽቦ የለውም። የሚገፋው የታመቀ አየር ነው። የብስክሌት መንፊያ ያለው ሰው ይህን ባንድ ደቂቃ ሊፈትነው ይችላል፤ የመንፊያውን አፍ በአውራ ጣቱ ደፍኖ እጀታውን ቢገፋውና ቢለቀው እጀታው ተመልሶ ይመጣል። ውስጡ የታሰረው አየር በትንሽ ቦታ ሲጨነቅ ግፊቱ ይጨምራል። ይህን ሕግ ሮበርት ቦይል እ.ኤ.አ. በ1662 ጽፎ አውጥቶታል። በጀርመን አገር በኮብሌንዝ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1934 የተቋቋመው ስታቢሉስ የተባለው ኩባንያ የጋዝ ሞላን በብዛት ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ስለዚህ ሕጉ ከመጽሐፍ ወጥቶ የመኪና በር ለማንሣት እስኪበቃ 300 ዓመት ፈጀ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የጋዝ ሞላ ከመኪና አልፎ በቢሮ ወንበር፣ በሆስፒታል አልጋና በቁም ሣጥን በር ላይ ሁሉ ገብቷል።

በቱቦው ውስጥ የሚታመቀው ጋዝ ናይትሮጅን ነው። ከምንተነፍሰው አየር ከአምስቱ እጅ አራቱ ያህል ናይትሮጅን ስለ ሆነ እንግዳ ነገር አይደለም። የተመረጠበትም ምክንያት ብረትን የማያዝግ፣ ከዘይት ጋርም የማይቀጣጠል ጨዋ ጋዝ በመሆኑ ነው። ተራውን አየር በዚያ ግፊት ከዘይት ጋር አንድ ላይ ማሰር ግን እሳትን መጥራት ነው። ከጋዙ ጋር ጥቂት ዘይትም አለ፤ እርሱም የላስቲኩን ማሸጊያ ያርሳል፣ በሩም ተከፍቶ ሲያበቃ እንዳይንገጫገጭ ያለዝበዋል።

አሁን ወደ ዋናው እንቆቅልሽ እንድረስ። በዘንጉ ጫፍ ላይ አንድ ፒስቶን አለ። ፒስቶኑ ግን እንደ መንፊያ ፒስቶን ድፍን አይደለም፤ ጋዙ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው የሚተላለፍበት ትንሽ ቀዳዳ አለው። እንግዲህ ጋዙ ከፒስቶኑ በላይም በታችም በእኩል ግፊት ካለ፣ ዘንጉን ወደ ውጭ የሚገፋው ምንድን ነው? እኔ ይህን ጥያቄ ለብዙ ጓደኞቼ አቅርቤ አብዛኞቹ «ቀዳዳው ይደፈናል» ብለው መልሰውልኛል። መልሱ ግን ያለው ከዘንጉ ላይ ነው። የፒስቶኑ አንድ ፊት ሙሉ ክብ ነው፤ በሌላው ፊት ግን መካከሉን ዘንጉ ስለ ያዘው ጋዙ የሚገፋው ቀለበት ብቻ ቀርቶለታል። በሁለቱ ፊቶች መካከል ያለው ልዩነት ልክ የዘንጉን ውፍረት ያህል ነው። ስለዚህ ጋዙ ዘንጉን ወደ ውጭ የሚገፋበት ኃይል፣ የጋዙ ግፊት በዘንጉ ቁርጥ ስፋት ሲባዛ የሚገኘው ነው። ቱቦው ቢወፍር ቢቀጥን ለውጥ የለም። ትንሹ ቀዳዳ የሚሠራው ሌላ ሥራ ነው፤ ጋዙ በጠባብ መንገድ ቀስ እያለ ስለሚያልፍ በሩ እንደ ተለቀቀ ወስፈንጥር ሳይሆን በዝግታ ይነሣል።

ይህን በቁጥር ብናየው ነገሩ ይገለጣል። ለምሳሌ ያህል ዘንጉ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ኃይሉም 500 ኒውተን የሆነ ሞላ እንውሰድ። 500 ኒውተን ማለት 51 ኪሎ የሚመዝን ዕቃ የሚጫነውን ያህል ነው። የዘንጉ ቁርጥ ስፋት 0.785 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። 500ን ለዚህ ብናካፍለው በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር 637 ኒውተን ይወጣል፤ ይኸውም በባሕር ወለል ላይ አየር ከሚጫነን ግፊት 63 ጊዜ ያህል ይበልጣል። የሚኒባስ ጎማ የሚነፋው 3 ወይም 4 ጊዜ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ያ ክንድ የማያህል ቀጭን ቱቦ ከጎማው ከ15 ጊዜ በላይ የበረታ ግፊት ተሸክሟል። ይህን ቁጥር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

በሩስ ስንት ይከብዳል? እዚህ ላይ ክብደቱ ብቻ ሳይሆን ክብደቱ ከማጠፊያው የራቀበት ርቀትም ይቆጠራል። ለስሌት እንዲመች በሩ 300 ኒውተን ይመዝናል፣ የክብደቱም መሐል ከማጠፊያው 60 ሴንቲ ሜትር ይርቃል እንበል። በሩ ተከፍቶ ጋደም ሲል ወደ ታች የሚያዞረው ኃይል 300 በ0.6 ተባዝቶ 180 ይሆናል። ሞላዎቹ ግን የተያዙት ከማጠፊያው አጠገብ ስለ ሆነ የግፊታቸው ርቀት 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው እንበል። ሁለቱ አዲስ ሞላዎች በአንድነት 1,000 ኒውተን ሲገፉ 1,000 በ0.2 ተባዝቶ 200 ይሆናል። 200 ከ180 ስለሚበልጥ በሩ ቆሞ ይኖራል። ትርፉ ግን 20 ብቻ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ፋብሪካው ትርፉን ያሳነሰው ከንፉግነት አይደለም፤ ትርፉ ቢበዛ በሩን ለመዝጋት ጎልማሳ ሰው ሊንጠለጠልበት ነው።

ሞላው ሲያረጅ ጋዙ በማሸጊያው በኩል በጥቂት በጥቂቱ ይወጣል። ከመቶ 8 እጅ ጎደለ እንበል፤ ከ1,000 የቀረው 920 ነው፤ 920 በ0.2 ሲባዛ 184 ይሆናል። አሁንም ከ180 ይበልጣል፤ በሩ ይቆማል፤ ባለቤቱም ደኅና ነው ብሎ ይሄዳል። ነገር ግን ይህ ሁሉ የተሰላው አየሩ 20 ዲግሪ ሲሆን ነው። የሞላ ኃይል ሲለካም በ20 ዲግሪ ነው።

የእኛ አገር ጠባይ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በቆጂ ከአሰላ በስተደቡብ 56 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ከጭላሎና ከካካ ተራሮች አጠገብ የተቀመጠች ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ብርዱ ምን እንደሚመስል ለወላጆቻችን መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። በ1700 እ.ኤ.አ. ገደማ ጊዮም አሞንቶን የተባለ ፈረንሳዊ፣ በዝግ ዕቃ ውስጥ ያለ አየር ሲሞቅ ግፊቱ እንደሚጨምር፣ ሲቀዘቅዝም እንደሚቀንስ መርምሮ ጻፈ። ዛሬ ይህ ሕግ ብዙ ጊዜ በጌይ ሉሳክ ስም ይጠራል። ስሌቱ የሚሠራው በኬልቪን ስለ ሆነ በሴንቲግሬዱ ላይ 273 መጨመር ያስፈልጋል። 20 ዲግሪ 293 ይሆናል፤ የማለዳው ብርድ 5 ዲግሪ ቢሆን 278 ይሆናል። 278 ለ293 ሲካፈል 0.949 ስለሚወጣ ሞላው በብርድ ምክንያት ብቻ ከመቶ 5 እጅ ያህል ያጣል። የደከሙት ሞላዎች 920 የነበረው ኃይላቸው ወደ 873 ወረደ ማለት ነው። 873 በ0.2 ሲባዛ 175 እንኳ አይሞላም። በሩም 180 ነው። ስለዚህ ይወድቃል።

አጎቴ በአዳማና በበቆጂ መካከል የሚመላለስ ሾፌር ነው። የመኪናው የኋላ በር አዳማ ላይ እንደ ዘበኛ ቆሞ የዋለው በማግሥቱ ማለዳ በቆጂ ላይ ሲወርድበት «ይህ በር ቆላ ለምዶ ደጋው ከብዶታል» እያለ ይቀልድ ነበር። ቀልዱ እውነት አለበት። የአዳማን ቀትር 30 ዲግሪ ብናደርገው እነዚያው የደከሙ ሞላዎች 951 ኒውተን ይገፋሉ፤ 951 በ0.2 ሲባዛ 190 ይሆናል። በአንድ ቀን ውስጥ፣ በአንድ መኪና ላይ፣ በዚያው ሞላ፣ በሩ ቆላ ላይ ጎበዝ ደጋ ላይ ሰነፍ ይሆናል። ከዚህ የተነሣ ብዙ ሾፌር ሞላው ማለቁን ሳያምን ወራት ያሳልፋል፤ «ትናንት እኮ ደኅና ነበር» ይላል። እውነቱን ነው፤ ትናንት ሞቃት ነበር።

አንዳንድ ሰው ደግሞ ጥፋቱን በከፍታው ላይ ያደርጋል። የደራርቱ ቱሉን፣ የቀነኒሳ በቀለን፣ የጥሩነሽ ዲባባን ሳንባ ያጠነከረው ስስ አየር ሞላውን ያደከመው ይመስለዋል። ይህም ሊመረመር ይገባዋል። በበቆጂ ከፍታ የውጭው አየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ከመቶ 72 እጅ ያህል ነው። የውጭው አየር ዘንጉን ወደ ውስጥ የሚገፋው ስለ ሆነ፣ አየሩ በሳሳ ቁጥር ሞላው ይበረታል እንጂ አይደክምም። ስንት ይበረታል ቢባል ለአንዱ ሞላ 2 ኒውተን ያህል፣ ማለትም የ200 ግራም ቅቤ ክብደት ነው። ከ500 ላይ 2 መጨመሩን ማንም አይሰማውም። እንግዲህ ተራራው ከወቀሳ ነፃ ነው፤ ጥፋተኞቹ ብርዱና እርጅናው ናቸው።

እርጅናው የሚጀምረው ከማሸጊያው ነው። ዘንጉ በሚወጣበት አፍ ላይ ያለው የላስቲክ ማሸጊያ ያንን ሁሉ ግፊት ለዓመታት ሲይዝ ይኖራል። በዘንጉ ላይ የደረቀ ጭቃ ወይም አቧራ ካለ በተዘጋ ቁጥር ወደ ማሸጊያው እየገባ ይፍቀዋል። ዘንጉ በድንጋይ ቢጫር ወይም ቢዝግ ያቺ ትንሽ ጭረት እንደ ሞረድ ትሠራለች። ረዳቶች በጥድፊያ የሚጭኑት ዕቃ ዘንጉን ሲመታው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። በዘንጉ ላይ የዘይት ወዝ ከታየ ማሸጊያው መልቀቁን ያመለክታል። ይህ ችግር የእኛ ሚኒባሶች ብቻ እንዳይመስለን፤ እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ የቀረበው ፖርሽ 924 የተባለው የስፖርት መኪና የኋላ በሩ ሰፊና ከባድ መስተዋት ነው፤ ዛሬ እርሱን የያዙ ሰዎችም ሞላው ሲደክም መስተዋቱ ራሳቸው ላይ እንዳይወርድ ሲሰጉ ይኖራሉ። ባለጸጋውም ባለ ሚኒባሱም በዚህ ነገር ወንድማማች ናቸው።

ስለ ዱላው አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ዱላ ቀጥ ብሎ ሲቆም ከሞላው የበለጠ ይሸከማል፤ በዚህ አይታማም። ድክመቱ ከጎን ሲነካ ነው። ባለፈው ክረምት በአንድ መናኸሪያ አንድ ጎልማሳ የድንች ጆንያ ከትከሻው ሲያወርድ የጆንያው ጫፍ ዱላውን ገፋው። ወለሉ በዝናብ ረጥቦ ስለ ነበር ዱላው ተንሸራተተ፤ በሩም በሙሉ ክብደቱ ወርዶ ዕቃ ሲያደላድል የነበረውን የረዳቱን ክንድ ያዘው። ልጁ ከእኔ በዕድሜ ብዙም አይበልጥም። አጥንቱ ተሰብሮ ስለ ነበር ሁለት ወር ያህል ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ። ሞላ ቢሆን ኖሮ፣ የደከመ ሞላ እንኳ ቢሆን፣ በሩ ሲወርድ ቀስ እያለ ሰው ዘወር እስኪል ጊዜ ይሰጥ ነበር። ዱላ ግን ወይ ሙሉ በሙሉ ይሸከማል፣ ወይ ጨርሶ ይከዳል፤ መካከል የለውም። ያን ቀን በሩ ሥር ክንድ እንጂ ራስ ስላልነበረ ሁላችንም ፈጣሪን አመሰገንን።

ከዚህ በኋላ አጎቴ የራሱን መኪና ሞላዎች ለመለወጥ ቆረጠ፤ እኔም ረዳሁት። ምክር የጠየቅነው በሰፈራችን ጋሼ እያልን የምንጠራቸውን አንድ አንጋፋ መካኒክ ነው። የመጀመሪያ ቃላቸው «አንዱን ብቻ ለመግዛት ከመጣችሁ ተመለሱ» የሚል ነበር። ምክንያቱም አንዱ አዲስ፣ አንዱ አሮጌ ከሆነ በሩ ባንድ ወገን ብቻ ስለሚገፋ ይጣመማል፤ ማጠፊያውም ያለ ዕድሜው ያልቃል።

ሲገዛ ሦስት ነገር ማመሳሰል ያስፈልጋል፦ ዘንጉ ሙሉ በሙሉ ሲወጣ ያለውን ርዝመት፣ ዘንጉ የሚገባበትን ልክና ኃይሉን። ኃይሉ ብዙ ጊዜ በቱቦው ላይ ከቁጥሩ ጋር ይታተማል፤ ቁጥሩን ተከትሎ የኒውተን ምልክት ይጻፋል። ጽሑፉ በቀለም ወይም በጭቃ ስለሚጠፋ አሮጌውን ይዞ ገበያ መሄድ ይሻላል። አዲስ አበባ መርካቶ ውስጥ በሱማሌ ተራ ከአሮጌ መኪና የተፈታ ሞላ በርካሽ ይገኛል። እኔ ግን በዚህ ነገር ላይ ርካሽ መግዛትን አልመክርም። የተፈታ ሞላ ዕድሜው ስንት እንደ ሆነ ከፊቱ አይነበብም፤ ቀለም ከተቀባማ ጨርሶ አይነበብም። የግድ ከሆነ ግን የሚፈተንበት መንገድ አለ። የሰው ክብደት የሚለካበትን ሚዛን መሬት ላይ አድርጎ፣ ከላዩ ጣውላ ማንጠፍ፤ ዘንጉን ወደ ታች አድርጎ ሞላውን በጣውላው ላይ ቀጥ አድርጎ ማቆምና ከላይ በሁለት እጅ መጫን። ዘንጉ መግባት በጀመረ ጊዜ ሚዛኑ የሚያሳየው ኪሎ የሞላው ኃይል ነው። ባለ 500 ኒውተኑ 51 ኪሎ አካባቢ ማሳየት አለበት። የአጎቴን አሮጌ ሞላዎች ስንፈትናቸው አንዱ 30 ኪሎ ሳይደርስ ገባ።

ኃይሉ ከታዘዘው በላይ የሆነ ሞላ መግጠምም አይገባም። «ጠንካራ ይሁንልኝ» የሚል ሰው አለ። ከመጠን በላይ የበረታ ሞላ በሩን ሲዘጉት ይታገላል፤ የተያያዘበትን ቆርቆሮም ቀስ በቀስ ያጣምማል። ባለቤቱ በበሩ ላይ ክብደት ጨምሮ እንደ ሆነ፣ ለምሳሌ መሰላል ወይም የብረት መከላከያ አስበይዶበት ከሆነ፣ ያን ጊዜ ጉዳዩ ለመካኒክ የሚነገር ነው።

ሥራው ራሱ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። መኪናው በሜዳ ላይ ይቆማል፤ ሞተሩ ይጠፋል፤ የእጅ ፍሬን ይያዛል። ነፋስ ባይኖር ይመረጣል፤ በቆጂ ከሰዓት በኋላ በሩን እንደ ሸራ የሚገፋ ነፋስ አያጣትምና ጧት መሥራት ይሻላል። በሩ እስከ መጨረሻው ተነሥቶ አንድ ብርቱ ሰው ይይዘዋል፤ ከዚያም በላይ በወፍራም እንጨት ይደገፋል። ዱላው በዚህ ጊዜ ብቻ የክብር ሥራ ያገኛል። ሠራተኛው አንድ ከሆነ ግን ሥራውን አለመጀመር ነው።

የሞላው ሁለት ጫፎች በአብዛኛው የተያያዙት እንደ ዳሌ አጥንት ነው፤ በመኪናው ላይ ክብ የብረት ራስ አለ፣ በሞላውም ጫፍ ያንን ራስ የሚውጥ ጎድጓዳ ቤት አለ። ቤቱን ከራሱ ጋር የሚያስረው ትንሽ የሽቦ መቆለፊያ ነው። በቀጭን ካቻቪቴ የሽቦውን ጠርዝ ጥቂት ከፍ ማድረግ ይበቃል፤ ጨርሶ ከወጣ ይፈናጠርና በሣር ውስጥ ሲፈለግ ይዋላል። ከዚያ ጫፉ ወደ ጎን ሲሳብ ይለቃል። በአንዳንድ መኪና በዚህ ፈንታ ቡለን ስላለ በቁልፍ ይፈታል። ክቡን ራስ በጨርቅ ጠርጎ ጥቂት ግራሶ መቀባት መልካም ነው። አዲሱ ሞላ በእጅ ሲጫን «ቀጭ» የሚል ድምፅ ያሰማል፤ ያን ድምፅ ሳይሰሙ መተው አይገባም። አንዱ ወገን ካለቀ በኋላ ሌላው ይቀጥላል።

አዲሱ ሞላ ከጠበቀው ቦታ ላይ አልደርስ ቢል በሩ በሙሉ አልተነሣም ማለት ነው። በሩን ከፍ ማድረግ እንጂ ሞላውን በጉልበት ለማሳጠር መታገል ከንቱ ድካም ነው፤ 51 ኪሎውን እናስታውስ። ዘንጉን በፒንሳ መያዝም ክልክል ነው፤ የፒንሳው ጥርስ የሚተወው ጭረት አዲሱን ማሸጊያ በወራት ውስጥ ይጨርሰዋል። አቅጣጫውም እንደ ቀድሞው መሆን አለበት። በሩ ሲዘጋ ዘንጉ ወደ ታች፣ ቱቦው ወደ ላይ ከሆነ ዘይቱ በማሸጊያው ላይ ተኝቶ ያርሰዋል። ተገልብጦ ቢገጠም ዘይቱ ከማሸጊያው ይርቅና ላስቲኩ ይደርቃል፤ ገንዘቡም ከነ ናይትሮጅኑ ይተናል።

ሲያልቅ ደጋፊው እንጨት የሚነሣው በሩን የያዘው ሰው እጁን ሳያነሣ ነው። ከዚያ በሩን ወደ ግማሽ ዝቅ አድርጎ እጅን ጥቂት ማላላት፤ በሩ ካልወረደ ተሳክቷል። እኛ በሠራንበት ዕለት ፀሐይ ስለ ወጣች ይህ ፈተና ብዙም አላረካኝም። በማግሥቱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል፣ ሣሩ ላይ አመዳይ እንዳለ፣ አጎቴ በሩን ሲከፍት አብሬው ነበርሁ። በሩ ቆመ። ብርዱ ግን ከመቶ 5 እጅ ወስዶበት ስለ ነበር አነሣሡ ከቀትሩ ዘገም ያለ ነበር፤ ይህም ጤናው ነው።

አሁን በልብ እንዲያዝ ወዳልሁት ቁጥር ልመለስ። የደከመ ሞላ ባዶ ሞላ አይደለም። ከ500 ወደ 300 ኒውተን የወረደው የአጎቴ ሞላ እንኳ በውስጡ ከባሕር ወለል አየር 38 ጊዜ ያህል የሚበልጥ ግፊት ይዞ ነበር። አሮጌ ሞላ እንደ ማናቸውም ብረት ጓሮ ይጣላል፤ ልጆች ይጫወቱበታል፤ ከዚያ «ቆራሌው» እያለ የሚዞረው ነጋዴ ከቆርቆሮና ከጠርሙስ ጋር ይወስደዋል። ከዚያም ወይ ወደ እሳት ይገባል፣ ወይ በሴጌቶ ይቆረጣል፣ ወይም አንድ ሰው ዘንጉን ለሌላ ሥራ ፈልጎ ቱቦውን በብየዳ ይከፍተዋል። ጋዙ በእሳት ሲሞቅ ግፊቱ የሚጨምረው ብርድ ግፊቱን በቀነሰበት በዚያው ሕግ ነው፤ ቱቦው ሲፈነዳ ዘንጉ እንደ ጥይት ይወጣል። «ጋዝ እሞላልሃለሁ» ብሎ አሮጌውን የሚበሳ ሰው ቢገኝም ከእርሱ መራቅ ነው።

እኛ አሮጌዎቹን ሁለቱን ለጋሼ ሰጠናቸው። እርሳቸውም ቱቦውን በሞርሳ አጥብቀው፣ በወፍራም ጨርቅ ሸፍነው፣ መነጽር አድርገው፣ ዘንጉ ከሰው በተቃራኒ እንዲያመለክት አድርገው በትራፓኖ ቀጭን ቀዳዳ በሱት። እኛን ከጋራዡ በር ውጭ አቁመውን ስለ ነበር የሰማነው ረጅም የፉጨት ድምፅ ብቻ ነው። ፉጨቱ ካበቃ በኋላ ዘንጉን በአንድ ጣታቸው ገፍተው እስከ መጨረሻው አስገቡት፤ ተመልሶም አልወጣም። ያን ጊዜ ለቆራሌው ሊሰጥ እንደሚችል ነገሩን።